ከባሕር ዳርቻው እስከ ጋለሪው ግድግዳ፦ የኮንቴምፖራሪ አርት አዳራሽ አጎበኛኘት

ውሃ ላይ ያረፈች ፀሐይ ዓይን ታጥበረብራለች። ከዚያ ዳርቻ ተነስቶ የጋለሪ በር ገፍቶ የሚገባ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚያየው ነገር የለም። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው ባዶ ይመስለዋል። በር ላይ ቦርሳህን አስቀምጥ ተብሏል፣ የውሃ ጠርሙሱን ተከልክሏል፣ አሁን ደግሞ «ከዚህ አይለፉ» የሚል መስመር ወለሉ ላይ ተሰምሯል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ይሄ ቦታ ለእኔ አይሆንም» ይልና አንድ ዙር ዞሮ ይወጣል። ያሳዝናል፤ ከእነዚህ ነገሮች አንዱም ጎብኚ ለማራቅ የተደረገ አይደለምና። ከእያንዳንዱ ጀርባ ጨው፣ እርጥበት ወይም ብርሃን የሚያደርሰው አንድ የታወቀ ጉዳት አለ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሥራዎቹንም ረጋ ብሎ ያያቸዋል።

የትኛው ዓይነት ጋለሪ ነው?

በአማርኛ «ዘመናዊ ሥነ ጥበብ» ስንል ሁለት ነገር አንድ ላይ እንጠቀልላለን። አንደኛው ሞደርን የሚባለው ነው፤ በግምት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያለውን ይይዛል። ሁለተኛው ኮንቴምፖራሪ የሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ ያለውና በአብዛኛው በሕይወት ያሉ አርቲስቶች የሚሠሩት ነው። ሸራና ቀለም ብቻ ጠብቆ ኮንቴምፖራሪ ጋለሪ የገባ ሰው ቪዲዮ የሚታይበት ክፍል፣ የተከመረ አፈር፣ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ባዶ አዳራሽ ሊገጥመው ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ግማሹን ግራ መጋባት ያስወግዳል።

«ጋለሪ» የሚለው ቃልም ቢያንስ ሦስት ቦታዎችን ይጠራል። የሕዝብ ጋለሪ ወይም ሙዚየም ሥራዎችን ያሳያል እንጂ አይሸጥም፤ መግቢያው በነፃ ወይም በትኬት ነው። የንግድ ጋለሪ ሥራ የሚሸጥበት ቤት ነው፤ መግቢያ አያስከፍልም፣ ገብቶ አይቶ ሳይገዙ መውጣትም ፍጹም የተለመደ ነው። ሦስተኛው አርቲስቶች ራሳቸው ተሰባስበው የሚያስተዳድሩት ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ይከፈታል። ከየትኛው እንደገባችሁ ለማወቅ ጠረጴዛው ላይ የዋጋ ዝርዝር መኖሩን ተመልከቱ።

የባሕር ጠረፍ ላይ ያሉ ጋለሪዎች ብዙዎቹ የቆሙት ሥራውን ባቆመ የወደብ ወይም የፋብሪካ ቦታ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፖርትሚር የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ያለው ቴት ሴንት አይቭስ እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው ድሮ የጋዝ ማምረቻ በነበረ መሬት ላይ ነው። ኬፕ ታውን ወደብ ያለው ዛይትዝ ሞካ ደግሞ የእህል ጎተራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከፈት አርክቴክቱ ቶማስ ሄዘርዊክ እርስ በርስ የተጣበቁትን 42 የኮንክሪት ቱቦዎች መካከል ላይ ቆርጦ፣ በአንዲት የበቆሎ ፍሬ ቅርፅ ከፍ ያለ አዳራሽ አወጣበት። እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ስትገቡ ቀና ብላችሁ የተቆረጠውን የኮንክሪት ጠርዝ እዩት። ከኤግዚቢሽኑ የማያንስ ነገር ነው።

ከመሄድ በፊት

አራት ነገር ማጣራት ይበቃል። የመጀመሪያው ቀኑ ነው፤ ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ይዘጋሉ። የንግድ ጋለሪዎች ደግሞ እሑድና ሰኞ መዝጋት ያዘወትራሉ። የጠረፍ ከተሞች ላይ የክረምትና የበጋ ሰዓት በጣም ስለሚለያይ ያለፈው ወር ሰዓት ለዚህኛው ወር አይሠራም። ሁለተኛው የኤግዚቢሽን መቀየሪያ ጊዜ ነው። የንግድ ጋለሪ አንድ ኤግዚቢሽን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያቆያል፤ ከዚያ አንዱን አውርዶ ሌላውን እስኪሰቅል ለቀናት ይዘጋል ወይም ግማሹ ክፍል ይጋረዳል። ከሩቅ መጥቶ የተዘጋ በር ማየት በብዛት የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ቦታ ማስያዝ ነው። ለምሳሌ ናኦሺማ የምትባለው የጃፓን ደሴት ላይ ያለው፣ አብዛኛው አካሉ ከመሬት በታች የተሠራው ቺቹ ሙዚየም ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት ቀድሞ በኢንተርኔት ማስያዝ ይፈልጋል፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ጀልባ መያዝ ግድ ነው።

አራተኛው አየሩ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከባሕር ዳርቻው የሚሸሸው ሰው ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ይገባል፣ እሱም ጋለሪው ነው። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ባለበት ቀን ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ይሂድ።

ጨውና እርጥበት

የባሕር አየር ደቃቅ የጨው ብናኝ ይሸከማል። ማዕበሉ ሲሰበር የሚፈነጠቀው ጠብታ አየር ላይ ይደርቅና ጨው ሆኖ ይቀራል፤ ነፋስ ወደ ከተማው ይነዳዋል፣ በመስኮት፣ በልብስ፣ በፀጉር ይገባል። አየሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይህ ጨው እንደ አቧራ ተኝቶ ይቆያል። የአየሩ እርጥበት መጠን ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ግን የገበታ ጨው ከአየር ውሃ መሳብ ይጀምርና ራሱን ያቀልጣል። የደረቀው ብናኝ ወደ ጨዋማ ጠብታ ተለወጠ ማለት ነው። ይህች ጠብታ ብረት ላይ ካረፈች ዝገት ትጀምራለች፤ ነሐስ ላይ ካረፈች ውስጡ የሚገባው ክሎራይድ እንደ አረንጓዴ ዱቄት የሚረግፍ ጉዳት ያስነሳል፣ አንዴ ከጀመረ ማስቆሙ ከባድ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ከገባች የቪዲዮው ፕሮጀክተር ይሞታል።

ጨው ባይኖርም እርጥበቱ ብቻውን ይጎዳል። እንጨት፣ ሸራና ወረቀት እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይሸበሸባሉ። ከላያቸው ያለው የደረቀ ቀለም ግን እንደነሱ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ቆይቶም ይላጣል። እርጥበቱ ከ65 ወይም 70 በመቶ በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይመጣል። ለዚህ ነው ብዙ ሙዚየሞች የክፍላቸውን እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ፣ ሙቀቱን ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል የሚይዙት። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስፈራው ድንገተኛ መዋዠቅ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዋዥቅ ይጠነቀቃሉ። ግድግዳ ጥግ ላይ ክብሪት ሳጥን የምታክል ነጭ ሳጥን ካያችሁ ይህን ቀንና ሌሊት የምትመዘግብ መለኪያ ናት። ሥራ ናት ብሎ ሲመረምራት የሚቆይ ጎብኚ አይጠፋም፤ ክፍሉን በትኩረት እንደሚያይ ያሳያልና አያሳፍርም።

አሁን የበሩን ነገር እናስበው። አንድ ሰው ቀስ እያለ ሲራመድ በትንፋሽና በላብ በሰዓት ከ50 እስከ 100 ግራም ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። በኤግዚቢሽን መክፈቻ ምሽት 200 ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲታጨቅ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሊትር ውሃ መሆኑ ነው። እርጥበት የሚቀንሰው ማሽን ይህን እየመጠጠ ሳለ በሩ ለባሕሩ ነፋስ ተከፍቶ ከዋለ አይችለውም። ስለዚህ መግቢያው ላይ ሁለት በር ተከታትሎ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛውን አትክፈቱ፣ ለጓደኛም ሁለቱንም ይዛችሁ አትጠብቁ። እርጥብ ጃንጥላና ካፖርት መግቢያው ላይ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሸዋም አለ። የባሕር አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ኳርትዝ ነው፣ ኳርትዝ ደግሞ ከመስታወት ይጠነክራል። ጫማ ሥር የተያዘች አንዲት ፍሬ ወለል ላይ የተነጠፈን ሥራ ወይም ሥራ የተሸፈነበትን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ለመጫር ትበቃለች። በሩ ላይ ያለው ረጅም ምንጣፍ ቢያንስ አራት አምስት እርምጃ እንዲረገጥበት ተብሎ የተዘረጋ ነው፤ አትዝለሉት። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የተቀባ እጅ ደግሞ ከተራ እጅ የባሰ ነው። ቅባቱ ቀለም ያልተቀባ ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል፣ የተወለወለ ብረት ላይም ይጣበቃል፤ የጣት ላብ ውስጥ ያለው ጨው ብረቱን እየበላ አሻራውን ለዓመታት ያትመዋል። ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ቦርሳን በተመለከተ፣ ሥራዎችን በብዛት የሚገጨው ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ነው፤ ባለቤቱ ሲዞር ቦርሳው ግማሽ ሜትር ያህል ከኋላው እንደሚዞር አይሰማውም። ትልቁን መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ፣ ትንሹን ደረት ላይ። ማስታወሻ መጻፍ ወይም መሳል የሚፈልግ እርሳስ ይያዝ፤ ስክሪብቶ የሚከለከለው አንድ ጊዜ ካመለጠ ስለማይለቅ ነው።

ብርሃኑ ለምን ደከመ?

ውጭ በቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ብርሃኑ እስከ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይደርሳል። ውስጥ፣ የውሃ ቀለም፣ ፎቶግራፍ ወይም ጨርቅ የተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ 50 ሉክስ ብቻ ነው፤ የዘይት ቀለም ሥራ እስከ 200 ይፈቀድለታል። ከበር ወዲያና ወዲህ ሁለት ሺህ እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው።

ብርሃን ቀለምን ሲያደበዝዝ ጉዳቱ ይጠራቀማል፣ አይመለስምም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የብርሃኑን መጠን በሰዓቱ ማባዛት። አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል በ50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢታይ 120,000 የሉክስ ሰዓት ያገኛል። ይኸው ሥዕል ባሕሩን በሚያሳይ መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ ቢያርፍበት የዓመቱን ሙሉ መጠን በአንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። የፀሐዩ ብርሃን አልትራቫዮሌት ጨረርም ስለያዘ ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል። ወረቀት ላይ የተሠሩ ሥራዎች ሦስት አራት ወር ከታዩ በኋላ ለዓመታት በጨለማ መሳቢያ የሚያርፉት ለዚህ ነው። «ባለፈው ያየሁት ሥዕል የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በአብዛኛው እዚህ ያገኘዋል።

ታዲያ ባሕር ፊት ለፊት ሕንፃ የሚሠራ አርክቴክት ሁለት ተቃራኒ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ጎብኚው ውሃውን ማየት ይፈልጋል፣ ሥራው ደግሞ ከውሃው ነጸብራቅ መሸሸግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ብራዚል ኒቴሮይ ከተማ ላይ የተከፈተው፣ የአርክቴክቱ ኦስካር ኒማየር ክብ የኮንቴምፖራሪ አርት ሙዚየም መልሱን በቅርፁ ሰጥቷል። ዋናው አዳራሽ መካከል ላይ ነው፤ የጓናባራን ባሕረ ሰላጤ የሚያሳዩት መስኮቶች ያሉት በዙሪያው በሚሄደው መተላለፊያ ነው። እንግሊዝ ማርጌት ላይ ያለው ተርነር ኮንቴምፖራሪ፣ በዴቪድ ቺፐርፊልድ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው፣ ሌላ መንገድ ወሰደ። በሰሜናዊው የምድር ንፍቀ ክበብ ከሰሜን የሚመጣ ብርሃን ቀጥተኛ ፀሐይ የለበትም፤ ቀኑን ሙሉ ለስላሳና ብዙ የማይለዋወጥ ነው። ስለዚህ አዳራሾቹ ሰሜናዊውን ብርሃን ይቀበላሉ። የትኛውም ጋለሪ ስትገቡ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ፤ ሥራዎቹ ለምን እዚያ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀሉና እዚህኛው ለምን ባዶ እንደተተወ ወዲያው ይገባችኋል።

ዓይንን በተመለከተ፣ መግቢያው ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩ። የፀሐይ መነጽራችሁን ጎዳናው ላይ ሳታወልቁ እስከ በሩ ድረስ አድርጉት፤ ያኔ ዓይናችሁ ቀድሞ ይዘጋጃል። ጨለማ የቪዲዮ ክፍል ውስጥ ዓይን ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ መጋረጃውን አልፋችሁ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ለግማሽ ደቂቃ ብትቆሙ ግን ቢያንስ ወንበሩንና የተቀመጡትን ሰዎች ትለያላችሁ። ሰው ላይ የሚቀመጡት ይህችን ግማሽ ደቂቃ የማይታገሡት ናቸው።

ግድግዳው ላይ ያለችው ካርድ

ከሥራው አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ካርድ ብዙ ሰው ስሙን ብቻ አንብቦ ይተዋታል። እኛ ደግሞ ከመላው አዳራሽ በጣም ጠቃሚዋ ጽሑፍ እሷ ናት እንላለን። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው የመግቢያ ጽሑፍ የአዘጋጁን፣ ማለትም የኪዩሬተሩን፣ አስተያየት ይነግራችኋል። ካርዷ ግን ሐቁን ነው የምትነግራችሁ፤ ማን ሠራው፣ መቼ፣ ከምን፣ መጠኑ ስንት ነው፣ የማን ነው።

አንዲት ካርድ አብረን እናንብብ። የኩባ ተወላጁ አሜሪካዊ አርቲስት ፊሊክስ ጎንዛሌዝ ቶረስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሠራው ሥራ ክፍል ጥግ ላይ የተከመረ ከረሜላ ነው፤ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በወርቃማ ላስቲክ የተጠቀለለ ተራ ከረሜላ። ከፊቱ ቆሞ «ይሄማ ምንድን ነው?» ማለት ተገቢ ነው። ካርዷ ርዕሱን «ርዕስ አልባ» ትላለች፣ አጠገቡ ግን በቅንፍ «የሮስ ምስል በሎስ አንጀለስ» የሚል ታክሏል። ቁሱ፦ ባለ ብዙ ቀለም መጠቅለያ ከረሜላ፣ የማያልቅ አቅርቦት። መጠኑ፦ እንደ አቀማመጡ ይለያያል። የሚመረጠው ክብደት፦ 175 ፓውንድ፣ ማለትም 79 ኪሎ ግራም ገደማ። ጎብኚ አንድ ከረሜላ ማንሳት ይፈቀድለታል። ሮስ የአርቲስቱ የሕይወት አጋር ነበር፤ በዚያው ዓመት በኤድስ ሕመም አረፈ። 79 ኪሎ ደግሞ የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ሰው ክብደት ነው። ጎብኚዎች አንድ አንድ እያነሱ ሲሄዱ ቁልሉ እየከሳ ይሄዳል፤ ከዚያ ሠራተኞቹ ይሞሉታል። ይህን ሁሉ ያወቅነው ከካርዷ ሦስት መስመሮችና ከአንድ የሕይወት ታሪክ እውነታ ነው። ቁልሉን ብቻ አይቶ ያለፈ ሰው ከረሜላ ነው ያየው።

የካርዷ መስመሮች ብዙውን ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ይመጣሉ። ስም፣ የትውልድ ዓመትና አገር። ርዕስ። ዓመት፤ ሁለት ዓመት በመስመር ተለይቶ ከተጻፈ ሥራው መጀመሪያ የታሰበበትና ይህኛው ቅጂ የተሠራበት ዓመት ሊሆን ይችላል። ቁስ፤ «ቅይጥ ቁሶች» ከሚል ካርድ ይልቅ ቁሶቹን አንድ በአንድ የምትዘረዝር ካርድ ብዙ ትናገራለች። መጠን፤ በአብዛኛው መጀመሪያ ቁመት፣ ቀጥሎ ወርድ፣ መጨረሻ ጥልቀት። ከዚያ «2/5» ዓይነት ቁጥር ከመጣ ሥራው በአምስት ቅጂ መታተሙን፣ ይህ ሁለተኛው መሆኑን ይነግራል። ከሥር ያለችው መስመር የባለቤትነት ናት፤ ስጦታ፣ ግዢ ወይም ውሰት። በአርቲስቱና በወኪል ጋለሪው መልካም ፈቃድ የሚል ከሆነ ሥራው ገና የተሸጠ ላይሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ እንደ 2012.45 ያለ ቁጥር ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ በ2012 የገባ 45ኛው ሥራ ማለት ነው።

«ይሄንማ እኔም እሠራዋለሁ» የሚለው አስተያየት በየአዳራሹ ይሰማል፤ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። አንዳንዴ እውነት ነው፣ እጅ ብቻ ከታየ ይቻላል። አሜሪካዊው ሶል ለዊት ለምሳሌ የግድግዳ ሥዕሎቹን መመሪያ አድርጎ ጻፋቸው፤ መመሪያውን ተከትለው ግድግዳው ላይ የሚሥሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ገዢው የሚያገኘው የምስክር ወረቀትና ንድፍ ነው፤ ሥዕሉ በቀለም ተሸፍኖ ሌላ ከተማ ላይ እንደገና ሊሣል ይችላል። እዚህ ላይ የሚመዘነው የእጁ ችሎታ ሳይሆን የሐሳቡ ጥንካሬ ነው። ሐሳቡ ደካማ ከሆነ ደካማ ነው ማለትም ይቻላል፤ ኮንቴምፖራሪ አርት ሁሉ ጥሩ አይደለም፣ የማይወዱትን አለመውደድ አላዋቂነት አይደለም። ብቻ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚሠራ ሳያዩ መፍረድ ነው የሚጎዳው።

ምን ያህል መቆየት

እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ስለተደረገ ምልከታ በወጣ ጥናት ጎብኚዎች አንድ ሥራ ፊት የቆሙበት አማካይ ጊዜ 27 ሴኮንድ ገደማ ነበር፤ ካርዱን ማንበቡም ከዚያው ላይ የሚቆጠር ነው። መፍትሔው ሁሉንም ረዘም አድርጎ ማየት አይደለም፤ ማንም አይችለውም። ክፍሉን አንዴ ሳትቆሙ ዙሩ፣ ከዚያ ዓይናችሁ የተመለሰበትን አንዱን ምረጡና አምስት ደቂቃ ስጡት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ሙሉው ሥራ ሳትዞሩ በዓይናችሁ የሚገባበት ቦታ ላይ። ከዚያ እስከ ተፈቀደው መስመር ቅረቡ። ከዚያ በጎን በኩል ሆናችሁ ገጽታውን አግድም እዩት፤ የብሩሹ ጉብታ፣ የተለጠፈ ወረቀት ጠርዝ፣ ከሥር የተደበቀ የቀድሞ ሥዕል መስመር ከጎን ነው የሚታየው። የሸራውን የጎን ጠርዝም አትለፉት፤ አርቲስቱ ምን ቀለም ቀድሞ እንደቀባ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ፈሶ ይገኛል።

ቪዲዮ የተለየ ሥርዓት አለው። ካርዷ ላይ «12 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ፣ ተደጋጋሚ» የሚል ካለ መሃል ላይ ገብታችሁ፣ እስከ መጨረሻው አይታችሁ፣ ከዚያ የገባችሁበት ቦታ እስኪደርስ መቆየት ትችላላችሁ። 90 ደቂቃ የሚል ከሆነ የሚጀምርበትን ሰዓት ጠባቂውን ጠይቃችሁ ሌላውን ክፍል ቀድማችሁ ጨርሱ። ጠባቂዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል፤ አንድ ሥራ አጠገብ ለሳምንታት የሚውሉ እነሱ ናቸው፤ ሰው የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ እንደሚያለቅስ፣ ድምፁ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚቀየር ያውቃሉ። ጠይቋቸው።

ድካምም ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ሥራ አንድ ይመስላል። የጠረፍ ጋለሪ ትልቁ ጸጋ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ባሕሩን የሚያይ መስኮት ሥር ወንበር አላቸው። አሥር ደቂቃ ሩቅ አድማስ ያየ ዓይን አርፎ ይመለሳል። ትኬታችሁ በዚያው ቀን ደግሞ የሚያስገባ ከሆነ ወጥታችሁ መመለስም ይቻላል።

ፎቶ ማንሳት ብዙ ቦታ ያለ ፍላሽ ይፈቀዳል፣ ከሌላ የተዋሱት ሥራ ላይ ግን ሊከለከል ይችላል። የተሰረዘ ካሜራ ምልክት ከካርዷ አጠገብ ፈልጉ።

ውጭ ያሉት ሥራዎች

ጠረፍ ላይ ኤግዚቢሽኑ ሁልጊዜ በሩ ላይ አያልቅም። ሊቨርፑል አጠገብ ባለው ክሮስቢ የባሕር ዳርቻ ላይ የእንግሊዛዊው ቀራፂ አንቶኒ ጎርምሊ 100 የብረት ሰዎች ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተበትነው ወደ አድማሱ ይመለከታሉ። እያንዳንዱ 189 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 650 ኪሎ ግራም ክብደት አለው። ባሕሩ ሲሞላ ብዙዎቹ ይሰጥማሉ፣ ሲሸሽ እግራቸው ላይ የተጣበቁት የባሕር ቅርፊቶች ይታያሉ። እዚህ ዝገቱ ጉዳት ሳይሆን የሥራው አካል ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ለማየት የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ማወቅ ግድ ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ትናንት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የሸሸ ባሕር ዛሬ የሚሸሸው 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ባሕሩ መሸሽ ሳያበቃ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስና መመለስ ሲጀምር መውጣት ጥሩ ሒሳብ ነው። ራቅ ወዳሉት ሐውልቶች ግን አትሂዱ፤ ጭቃው ይይዛል፣ ውሃው ደግሞ በጎን ዞሮ ከኋላ ይመጣል።

ባሕሩ የወሰደው ሥራም አለ። የጃፓናዊቷ አርቲስት ያዮይ ኩሳማ ቢጫ የዱባ ቅርፅ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ናኦሺማ ላይ ባሕር ውስጥ በገባ የኮንክሪት መቆሚያ ጫፍ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 አውሎ ነፋስ ነቅሎ ባሕር ውስጥ ከተተው፣ ማዕበሉም እየደጋገመ ሲያላትመው ተሰባበረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አዲስ ተሠርቶ እዚያው ቦታ ተመለሰ። በአውሎ ነፋስ ወቅት የሚጓዝ ሰው የውጭ ሥራዎች ተነስተው ሊጠብቁት እንደሚችሉ ይወቅ።

የውጭ ቅርፃ ቅርፅ ሲታይ ብረቱን መለየት ደስ ይላል። ነሐስ በየጊዜው ሰም ካልተቀባ ጨው ይገባበታል፤ ዝናብ የሚወርድበት መስመር ላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ጅረት ታያላችሁ። ራሱን በዝገት ቆዳ እንዲሸፍን ተብሎ የሚሠራው ኮርተን የሚባል ብረት ከባሕር ርቆ ጥሩ ይሠራል፤ ጨው ባለበት አየር ግን ቆዳው አይረጋም፣ እየተላጠ ይቀጥላል። የማይዝገው ብረትም ቢሆን የሻይ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ያወጣል፤ ስለዚህ ለጠረፍ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 የሚባለው ዓይነት ይመረጣል።

መግዛት ቢያምራችሁ

ከሥራው አጠገብ ያለች ቀይ ነጥብ ተሸጧል ማለት ናት፤ ግማሽ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ተይዟል ማለት ነው። የዋጋ ዝርዝሩን መጠየቅ ነውር የለውም። ከሽያጩ ግማሽ ያህሉን ጋለሪው፣ ግማሹን አርቲስቱ መውሰዱ የተለመደ ነው። ስትገዙ የአርቲስቱ ፊርማ ያለበት የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ ርዕሱ፣ ዓመቱ፣ ቁሱ፣ መጠኑና የቅጂ ቁጥሩ ካርዷ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አመሳክሩ። ወረቀት ላይ የተሠራ ከሆነ ፍሬሙ አልትራቫዮሌት የሚያግድ መስታወት ወይም አክሪሊክ ይኑረው፣ መስታወቱም ወረቀቱን እንዳይነካ መካከላቸው ክፍተት ይተው፤ ካልሆነ እርጥበት ሲመጣ ይጣበቃሉ።

ከቀዝቃዛው አዳራሽ ወደ ሞቃታማው የጠረፍ አየር የወጣ ሥራ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ላብ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ተጠቅልሎ ይውጣ፣ በመኪናው የዕቃ መጫኛ ግለት ውስጥ አይዋል፣ ቤት ሲደርስም እንደተጠቀለለ 24 ሰዓት ከክፍሉ አየር ጋር ይላመድ። ከዚያ መስኮት ፊት ለፊት ባልሆነ፣ ከወጥ ቤት በራቀ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።